ደንበኛን ራሱን ሳያዞረው ቤቱን በቪአር ማሳየት፦ የእይታና የፍጥነት ማስተካከያ ደረጃ በደረጃ

ደሴ ላይ ጂ ፕላስ ሁለት የሚያሠራ ሰው ፕላን የማንበብ ግዴታ የለበትም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው። ሳሎኑ ስንት እንግዳ ይይዛል? ከበረንዳው የጦሳ ተራራ ይታያል ወይስ የጎረቤት ግድግዳ? ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ቪአርን (ቨርቹዋል ሪያሊቲን) የሚያህል መልስ የለም። መነጽሩን ታጠልቁለታላችሁ፤ መሠረቱ ገና ያልተቆፈረ ቤት ውስጥ ቆሞ ራሱ ያየዋል። ምስሉ ከተንቀራፈፈ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ መነጽሩን ያወልቅና «ይቅርብኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ዲዛይኑ ብታወሩ ማን ይሰማል?

ይህን የምጽፈው የቤቱን ሞዴል በስኬችአፕ ወይም በሬቪት ሠርተው በኤንስኬፕ ወይም በትዊንሞሽን ለሚያሳዩ ነው። መነጽሩ ሜታ ኩዌስት 2 ወይም 3፣ ማሽኑ የኤንቪዲያ ካርድ ያለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው ብዬ ልነሣ። ሌላ ዓይነት ካላችሁም አካሄዱ ያው ነው። የማውጫዎቹ ስም ከቨርዥን ቨርዥን ይለዋወጣል፤ ቃል በቃል ካላገኛችሁት የሚቀርበውን ፈልጉ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ግትር ነኝ። መጀመሪያ ፍጥነት፣ ቀጥሎ እይታ፣ ውበት መጨረሻ። አብዛኛው ሰው የሚሠራው የተገላቢጦሽ ነው። ሁሉንም «አልትራ» ላይ ይሰቅልና ሲንቀራፈፍ ማሽኑን ይረግማል።

ሒሳቡን እወቁ

ሞኒተር ላይ በሰከንድ 30 ፍሬም (ማሽኑ የሚሥለው አንድ አንድ ምስል) ካገኛችሁ ሥራ ይሠራል። መነጽር ውስጥ ግን ጭንቅላት ሲዞር ምስሉ አብሮ ካልዞረ ሆድ ይቃወማል። 72 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 72 ፍሬም ሲሣል፣ ለአንድ ፍሬም ያላችሁ ጊዜ 13.9 ሚሊሰከንድ ነው። 90 ላይ 11.1 ብቻ። 120 ላይ 8.3 ስለሚሆን ለሥነ ሕንፃ ሞዴል እርሱት።

ሥራው ደግሞ ከሞኒተር ይበዛል። ፉል ኤችዲ ሞኒተር 2 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው። ኩዌስት 2 ለእያንዳንዱ ዐይን 1832 በ1920 ስለሆነ ሁለቱ ሲደመሩ 7 ሚሊዮን ይሆናል። ኩዌስት 3 ላይ 2064 በ2208 ነው፤ ድምሩ 9 ሚሊዮንን ይሻገራል። በዚያ ላይ የሌንሱን መጣመም ለማረም ማሽኑ ከስክሪኑ የሰፋ ምስል ይሥላል። ሞኒተር ላይ ፈጣን የነበረ ሞዴል መነጽር ውስጥ ሲደክም ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ በ72 ኸርዝ ጀምሩ። የማይነቃነቅ 72፣ ከፍ ዝቅ ከሚል 90 ይሻላል። ማስተካከያው ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የሜታ ሊንክ መተግበሪያ ውስጥ፣ «ዲቫይስስ» ገብታችሁ «ግራፊክስ ፕሪፈረንስስ» የሚለው ጋ ነው። ሬንደር ሬዞሉሽኑም (የሚሣለው ምስል የፒክስል ብዛት) እዚያው አለ፤ ለጊዜው አትንኩት።

አንድ አሳሳች ነገር አለ። ማሽኑ ሲደክም ሶፍትዌሩ ግማሹን ፍሬም ብቻ ይሥልና ቀሪውን በግምት ይሞላዋል። የሜታው ዘዴ ኤኤስደብልዩ ይባላል። ከ90 ፍሬም 45ቱ እውነተኛ፣ 45ቱ የተገመተ ይሆናል ማለት ነው። ምልክቱን ለመለየት በር አጠገብ ቁሙና ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። የበሩ መቃን ጠርዝ እንደ ውኃ ከተወላገደ ግምቱ ሥራ ላይ ነው። ስትለኩ አጥፉት፤ ኮንትሮል ይዛችሁ ነምፓድ 1ን ስትጫኑ ይጠፋል፣ በነምፓድ 4 ወደ አውቶማቲክ ይመለሳል። ለደንበኛ ስታሳዩ ግን አውቶማቲክ ላይ ተዉት። ለክፉ ቀን ይጠቅማል።

ላፕቶፑና መብራቱ

ቻርጀር ሳይሰካ ቪአር አይታሰብም። በባትሪ ሲሠራ የግራፊክስ ካርዱ ኃይል ይቆረጥበታል። የዊንዶውስን «ፓወር ሞድ» ወደ «ቤስት ፐርፎርማንስ» አድርጉት። ከዚያ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «ግራፊክስ» ግቡና ሶፍትዌሩን ጨምራችሁ «ሃይ ፐርፎርማንስ» ምረጡለት። ይህ ካልተደረገ አንዳንድ ላፕቶፕ ከባዱን ካርድ ትቶ በኢንቴሉ ደካማ ካርድ ሊሠራ ይሞክራል። ሰውየው ካርድ ለመቀየር ገንዘብ እያጠራቀመ፣ ያለው ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ደሴ ብርድ ስለሆነች ላፕቶፕ አይግልም የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። ብርዱ የሰጣችሁን የአየሩ መሳሳት በከፊል ይወስደዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ይጨመራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የላፕቶፑን ኋላ በሁለት መጽሐፍ ከፍ አድርጉት፣ ምንጣፍና ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት። አሥር ደቂቃ አሠርታችሁት ፍጥነቱ ከጀመረበት ከወረደ የግለት ነገር ነው፤ ሴቲንግ አትወንጅሉ።

መብራት መሄዱ አይቀርም። ያኔ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ፍሬሙም ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ ኤንስኬፕ ላይ የ«ቪዥዋል ሴቲንግስ» ሁለት ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ቅንብር) አስቀምጡ፤ አንዱን «ሙሉ»፣ ሌላውን «ቀላል» በሉት። መብራት ሲሄድ ወደ ቀላሉ ቀይራችሁ ትጨርሳላችሁ። መነጽሩን በዋይፋይ የምታገናኙ ከሆነ ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ ካገኛችሁ እሰየው።

የት እንደሚጠብ ፈልጉ

ምንም ነገር ከመቀነሳችሁ በፊት ለኩ። ከሜታው ሶፍትዌር ጋር አብሮ የሚጫን «ኦኩለስ ዲበግ ቱል» የሚባል ነገር አለ። ክፈቱትና «ቪዚብል ኤችዩዲ» ላይ «ፐርፎርማንስ» ምረጡ። መነጽሩ ውስጥ ቁጥሮች ይመጣሉ። «ፐርፎርማንስ ሄድሩም» የሚለው ትርፍ አቅማችሁን በመቶኛ ያሳያል። ከዜሮ በታች ከወረደ ፍሬም እየጣለ ነው። እኔ 20 በመቶ ያህል ትርፍ ካላየሁ ደንበኛ አልጠራም።

የምትለኩበት ቦታ ወሳኝ ነው። ባዶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማችሁ 72 ብታገኙ ምን ዋጋ አለው? የሞዴሉን ከባድ ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ እሱ ሳሎኑ መጨረሻ ላይ ቆማችሁ፣ በመስተዋቱ በኩል ግቢውንና ዛፉን አንድ ላይ የምታዩበት ነጥብ ነው። እዚያ ላይ ቪው አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ያለው መለኪያ ሁሉ ከዚያው ነጥብ ይሁን።

አሁን ሬዞሉሽኑን ወደ ዝቅተኛው አውርዱትና ቁጥሩን እዩ። ፍጥነቱ ከጨመረ የጠበበው የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ጥላ፣ ነጸብራቅና ሬዞሉሽን መቀነስ ይጠቅማችኋል። ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ወይም የሞዴሉ ብዛት ነው። ያኔ የጥራት ቁልፎችን ስትጫወቱባቸው ብትውሉ ለውጥ የለም፤ ሞዴሉን ራሱን ማጽዳት ነው። ሦስተኛም አለ። «ታስክ ማናጀር» ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ላይ ጂፒዩውን ተጭናችሁ «ዴዲኬትድ ጂፒዩ ሜሞሪ»ን ተመልከቱ። ጢም ብሎ ከሞላ ሶፍትዌሩ ወደ ዋናው ራም ስለሚፈስስ ጭንቅላት ባዞራችሁ ቁጥር ይደነቃቀፋል። የዚህ መድኃኒቱ ቴክስቸር፣ ማለትም ገጽ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል፣ መቀነስ ነው።

ሞዴሉን ማጽዳት

ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ነው፤ ሰው ግን ይሰለቸዋል።

ከጣራው እንጀምር። ኢጋ ቆርቆሮን በየሞገዱ አንድ በአንድ የሚሞዴል ሰው አለ። በቅርብ ሲታይ ያምራል። ግን አንድ የጂ ፕላስ ሁለት ጣራ በዚህ መንገድ ሲሠራ ከቀረው ቤት ሁሉ ሊከብድ ይችላል። ደንበኛው ደግሞ ጣራው ላይ አይወጣም። ጠፍጣፋ ገጽ አድርጉትና የቆርቆሮውን ሞገድ በመቴሪያሉ «በምፕ» ወይም «ኖርማል ማፕ» ስጡት። ከግቢው ቆሞ ልዩነቱን የሚያይ ሰው አላገኘሁም። ለዳር ዳሩ ብቻ፣ ውኃ መውረጃው ጋ ከታች ቀና ተብሎ ለሚታየው ጠርዝ፣ እውነተኛ ሞገድ ያለው አጭር ቁራጭ ጨምሩ።

የመስኮት ፍርግርግና የደረጃ ሬሊንግ ቀጥሎ ይመጣሉ። ክብ ብረቱን ባለ 24 ጎን ከማድረግ ባለ 6 ጎን አድርጉት። ደግሞም ኮፒ አታድርጉ፤ ኮምፖነንት አድርጉ። አርባ ተመሳሳይ ኮምፖነንት ለማሽኑ አንድ ነገር አርባ ጊዜ መደገም ነው። አርባ ኮፒ ግን አርባ የተለያየ ዕቃ ነው።

ከ3ዲ ዌርሃውስ የወረደ ሶፋ፣ ቡፌና ቡና ማፍያ ማሽን ሁሌም ተጠርጣሪ ነው። የትራሱ ስፌት ሳይቀር ተሞዴሎ ይመጣል። ስኬችአፕ ላይ «ሞዴል ኢንፎ» ውስጥ «ስታቲስቲክስ» ብትከፍቱ የ«ፌስ»ን ቁጥር ታያላችሁ። ዕቃውን ከማስገባታችሁ በፊትና በኋላ አወዳድሩ፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። «ፐርጅ አንዩዝድ» የሚለውንም እዚያው ተጫኑ። ሬቪት ላይ ለምትሠሩ፣ ለቪአር ብቻ የሚሆን ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ቪው ፍጠሩ፤ በ«ሴክሽን ቦክስ» የማይታየውን ቁረጡ፣ ከጣሪያ በላይ የተደበቀውን የውኃና የመብራት መስመር አጥፉ። ኤንስኬፕ የሚያሳየው ቪው ላይ የሚታየውን ነው።

ቴክስቸር ላይ ሒሳቡን አንዴ ብታውቁት ይበቃል። 4096 በ4096 የሆነ ሥዕል ሳይታመቅ ሜሞሪ ላይ 64 ሜጋባይት ይይዛል። 2048ቱ 16፣ 1024ቱ 4 ብቻ። ፋይሉ ጄፔግ ሆኖ ዲስክ ላይ 3 ሜጋባይት መሆኑ አያታልላችሁ። ለዋናው ግድግዳ፣ በተለይ ደንበኛው እጁን ዘርግቶ ሊነካው ለሚሞክረው የጥቁር ድንጋይ ግንብ፣ 2048 ስጡ። ለቀረው 1024 በቂ ነው።

ዛፍ ማሽን ይገድላል። ቅጠሉ ግልጽ በሆነ ሥዕል ላይ የተሣለ ስለሆነ አንዱ ፒክስል ደጋግሞ ይሣላል። ግቢው ውስጥ ለሚቀርበው አንድ ሁለት ወይራ ሙሉ ዛፍ ተጠቀሙ። ማዶ ተረተሩ ላይ ላለው ባሕር ዛፍ ጠፍጣፋ ሥዕል በቂ ነው። የሣር ሬንደሪንግን ቪአር ላይ አጥፉት፤ በቴክስቸር ይተካ።

አሁን ብዙዎችን የሚያስለቅሰው ነገር፤ ኮኦርዲኔቱ። ሰርቬየሩ ሳይት ፕላኑን የሚሰጣችሁ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 በሚባለው የካርታ ኮኦርዲኔት ሥርዓት ነው። ደሴ በዚያ ሥርዓት ኢስቲንጓ (ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው) 568 ሺህ፣ ኖርዚንጓ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው) 1 ሚሊዮን 230 ሺህ ሜትር ግድም ነው። ፋይሉን እንዳለ ካስገባችሁ ቤታችሁ ከሞዴሉ ዜሮ ነጥብ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይቀመጣል። የግራፊክስ ካርድ በብዛት የሚሠራው በ32 ቢት ቁጥር ነው። በዚያ ርቀት ላይ 32 ቢት ለይቶ የሚያውቀው ትንሹ ርቀት 12 ሴንቲ ሜትር ግድም ይደርሳል። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ የመስኮቱ ጠርዝ ይዘላል፣ እጃችሁ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱ ይርገበገባል። ሰው ይህን አይቶ መነጽሩ ተበላሸ ይላል። የቤቱን አንድ ማዕዘን ወደ ዜሮ አምጡት፤ ያለቀ ጉዳይ ነው። ሬቪት ላይ «ሰርቬይ ፖይንት»ን ለኮኦርዲኔቱ ተዉለትና ሞዴሉን «ኢንተርናል ኦሪጂን» አጠገብ ሥሩ።

ሁለት ገጽ አንድ ቦታ ላይ ሲደራረቡም ብልጭ ድርግም ይላል። ወለል ላይ የተኛ ምንጣፍ የተለመደው ነው። አንዱን አጥፉ ወይም ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉ። ሞኒተር ላይ ችላ የሚባለው ይህ ነገር መነጽር ውስጥ ዐይን ይወጋል።

መነጽሩን ሰው ላይ ማስተካከል

ብዥታ ሁሉ የሬዞሉሽን ችግር አይደለም። ሬዞሉሽን ከመጨመራችሁ በፊት የዐይን ብሌኖቹን ርቀት አስተካክሉ። ኩዌስት 2 ሦስት ቦታ ብቻ አለው፤ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር። ኩዌስት 3 ላይ የምትዞር ጎማ አለች፤ ቁጥሩም ይታያል። ለማወቅ ሰውየውን ሩቅ እንዲያይ ንገሩትና ግንባሩ ላይ ማስመሪያ ይዛችሁ ከብሌን እስከ ብሌን ለኩ። ይህ ከተሳሳተ ዐይን ይደክማል፣ ክፍሉም ከልኩ የጠበበ ወይም የሰፋ ሊመስል ይችላል። አርክቴክት ለዚህ ግድ ካልሰጠ ማን ሊሰጥ ነው?

ሻሽ ወይም ሒጃብ ላደረገች፣ ጥምጥም ላለው፣ ማሰሪያውን አላልታችሁ ከፊት ጀምራችሁ ወደ ኋላ አጥልቁ፤ አትጎትቱ። የዐይን መነጽር ለሚያደርግ ሰው ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ማራራቂያ አግቡለት ወይም በኩዌስት 3 ጥልቀቱን ጨምሩ። ሌንሱን በደረቅ የሌንስ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ። መስኮት ላይ ወይም የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ሌንሱ ወደ ፀሐይ ዞሮ ከተቀመጠ ደግሞ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል። ለዚህ ጥገና የለውም።

መነጽሩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በካሜራ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ይደናበራል። አምፖል የሚርገበገብበትን ልክ ለመከተል «ትራኪንግ ፍሪኩዌንሲ» የሚል ምርጫ አለው፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 50 ላይ አድርጉት። ፊት ለፊት ትልቅ መስተዋት ካለ ሸፍኑት።

ገመድ ወይስ ዋይፋይ

ገመዱ ዩኤስቢ 3 መሆኑን አረጋግጡ፤ ስልክ የምትሞሉበት አብዛኛው ገመድ ዩኤስቢ 2 ነው። በዋይፋይ ከሆነ ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ይሁን፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፣ ላፕቶፑ ከራውተሩ ጋር በላን ገመድ ይገናኝ። ምስሉ የሚሄደው በራውተሩ በኩል ስለሆነ የኢንተርኔት ፓኬጅ አይበላም። ደንበኛ በሚመጣበት ቀን ግን አፕዴት ሁሉ ይዘጋ፤ ዊንዶውስ መሐል ላይ ልውረድ እንዳይል።

አሁን የጥራት ቁልፎች

ሁሉንም ወደ ታች አውርዱና አንድ በአንድ ጨምሩ። ኤንስኬፕ ላይ «ሬንደሪንግ ኳሊቲ»ን «ድራፍት» ላይ፣ ትዊንሞሽን ላይ «ሎው» ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ያንኑ ነጥብ ለኩ፣ ቀጥሉ። ሁለት ነገር አንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደበላችሁ አታውቁም።

ለዘለዓለም የሚጠፉ አሉ። «ሞሽን ብለር»፣ «ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ»፣ «ሌንስ ፍሌር»። እነዚህ የካሜራ ጠባዮች ናቸው፤ የሰው ዐይን ራሱ ያተኩራል፣ ራሱ ያደበዝዛል። ማሽኑ ከላይ ሲጨምርበት ራስ ያዞራል። «ፓዝ ትሬሲንግ»ም ለቆመ ምስል እንጂ ለቪአር አይደለም።

የሬይ ትሬሲንግ ነጸብራቅ ውድ ነው። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ወለል ካላችሁ ያጓጓል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ ጥላውን አሟሉ። ሰው የክፍልን ስፋትና የዕቃን መቀመጥ የሚገምተው በጥላ ነው፤ ጥላ የሌለው ሶፋ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ከጥላ ቀጥሎ ጠርዝ ማለስለሻውን፣ ማለትም «አንታይ አሊያሲንግ»ን፣ ስጡት። ፍርግርጉና የቆርቆሮው መስመር ሳይበለጭ የሚቀመጠው በእሱ ነው። ካርዳችሁ አርቲኤክስ ከሆነ «ዲኤልኤስኤስ»ን ሞክሩ፤ ፍጥነት ይሰጣል፣ በምትኩ ቀጭን ነገር ትንሽ ይለሰልሳል። አምፖሎች ላይ ቆጥቡ። ጣሪያው ላይ ሃያ ስፖት ላይት ካለ ሁሉም ጥላ እንዲጥል አታድርጉ፤ ክፍሉን በሁለት ሦስት መብራት ሙሉትና ቀሪውን የሚያበራ መቴሪያል ብቻ አድርጉት።

ትርፍ ከተረፋችሁ ያን ጊዜ ወደ ሬዞሉሽኑ ተመለሱ። ደረጃ በደረጃ ጨምሩ፣ ትርፉ 20 በመቶ ሲደርስ ቁሙ።

እይታው፦ ቁመት፣ ፀሐይ፣ ብርሃን

የ«ፊልድ ኦፍ ቪው» ማንሸራተቻ የሞኒተሩን ምስል እንጂ መነጽሩን አይመለከትም። በሰፊ ማዕዘን የተሠራ ሬንደር ላይ አዳራሽ የመሰለው መኝታ ቤት ቪአር ውስጥ ይጠባል። ውሸታሙ ሬንደሩ ነው። ለደንበኛ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ፀሐዩን ለማስተካከል መጀመሪያ ቦታውን አስገቡ። አለበለዚያ ሶፍትዌሩ የሆነ የውጭ ከተማ ፀሐይ ያወጣላችኋል። ደሴ በሰሜን 11.1 ዲግሪ፣ በምሥራቅ 39.6 ዲግሪ ላይ ናት። የሰዓት ክልሉ ዩቲሲ ሲደመር 3። ሰዓቱ በውጭ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ለማሳየት 9:00 ጻፉ። ቀኑም እንደዚያው፤ ሰኔ 14 ማለት ጁን 21 ነው።

እዚህ ላይ ከአውሮፓ የመጣ ትምህርት ያሳስታል። እኛ ጋ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ አትሆንም። ከሚያዝያ 11 እስከ ነሐሴ 17 ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በሰኔ 14 ከአናት 12 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ደግሞ ከደቡብ በ55 ዲግሪ ከፍታ ትገባለች። ስለዚህ ሁለት ቀን አስቀምጡ፤ አንድ በሰኔ፣ አንድ በታኅሣሥ። ደንበኛው የደቡብ መስኮቱ በብርድ ወራት ምን ያህል ፀሐይ እንደሚያስገባ ያያል፤ ደሴ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀትር በእኛ ሰዓት በአማካይ ከ6 ሰዓት ከ20 ግድም ነው።

ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ስለቆመ ማታ ፀሐይ ሶፍትዌሩ ከሚለው ቀድማ ትሰወራለች። ተራራውን በጥቂት መቶ ሦስት ማዕዘን ብቻ ሥሩና ጨምሩት። የሳተላይት ኮንቱሩን እንዳለ አታስገቡ። ግቢያችሁ ድረስ ደቃቅ፣ ከዚያ ወዲያ ሻካራ መሬት በቂ ነው።

«ኦቶ ኤክስፖዠር»ን አጥፉ። ክፍት ከሆነ ሰውየው ከመስኮቱ ወደ ጓዳው በዞረ ቁጥር ብርሃኑ ይሰፋል ይጠባል። ሳሎኑ ውስጥ ቆማችሁ በእጅ አስተካክሉ፣ ውጭው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም።

ቁመትን በምሳሌ ላሳይ። ኮምቦልቻ ላይ ቤት የሚያሠሩ አንድ ሐጂ መነጽሩን እንዳጠለቁ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ልጄ፣ ይኸ ወለል የት ሄደ?»

«አብሽሩ ሐጂ፣ አሁን እመልሰዋለሁ።»

ወለሉ የሄደው መነጽሩ የቀደመውን ክፍል የወለል ከፍታ ይዞ ስለቀረ ነው። «ፍሎር ሌቭል»ን መቆጣጠሪያውን መሬት በማስነካት እንደገና ስታስተካክሉ ይመለሳል። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር አድርጉት። ሌላው ነገር፣ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ዐይኑ ከወለሉ 1.2 ሜትር ግድም ነው፤ የኩሽናው ጠረጴዛ ደረቱ ላይ ይደርስበታል። ወይ ሶፍትዌሩ ላይ ቁመቱን ወደ 1.6 ከፍ አድርጉ፣ ወይም ተቀምጦ የሚታየውን ቦታ፣ ሳሎንና በረንዳን፣ ብቻ አሳዩ። ለትልቅ ሰው የምትዞር ወንበር ከመቆም ትሻላለች።

እንቅስቃሴው በ«ቴሌፖርት»፣ ማለትም ከነጥብ ወደ ነጥብ በመዝለል፣ ይሁን። የመቆጣጠሪያውን ዘንግ ገፍቶ መንሸራተት ጨዋታ ለለመደ ወጣት እንጂ ለጀማሪ አይሆንም። መዞሪያውን በ30 ወይም በ45 ዲግሪ ዝላይ አድርጉት። መቆጣጠሪያውን ለደንበኛው ባትሰጡትም ይቻላል፤ አምስት ስድስት ቪው አስቀምጡና ከላፕቶፑ ሆናችሁ ውሰዱት። ከመውሰዳችሁ በፊት ግን «አሁን ወደ መኝታ ቤቱ ልንገባ ነው» በሉት። የመጀመሪያው ጉብኝት ከአምስት ደቂቃ አይለፍ።

ላፕቶፑ ጨርሶ ካልቻለ

ያኔ ቀጥታውን ቪአር ተዉና ፓኖራማ ሥሩ። ኤንስኬፕ ለሁለት ዐይን የሚሆን 360 ዲግሪ ምስል ያወጣል፤ ሬንደሩ አንዴ ስለሆነ ጥራቱን «አልትራ» ብታደርጉትም የሚጎዳ የለም። ሰውየው ባለበት ቆሞ ይዞራል እንጂ አይራመድም። ነገር ግን ፍሬም አይወድቅም፣ መብራትም ቢሄድ ኩዌስቱ በራሱ ባትሪ ያሳየዋል። ከሳሎኑ፣ ከደረጃው አፍ፣ ከዋናው መኝታና ከበረንዳው አራት ምስል በቂ ነው፤ ካሜራው ከወለሉ 1.6 ሜትር ላይ ይሁን። ባለቤቱ ጅዳ ወይም ዱባይ ከሆነም ይህ መንገድ ይሠራል። ቴሌግራም ላይ ስትልኩ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ምስሉን ስለሚያሳንሰው እዚያ የሚደርሰው ብዥታ ነው።